ለትንፋሽ የሚተርፍ ጨርቅ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ልክ» እያለ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ ለምን እንደወጣለት ግን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቃል። አንደኛ ነገር፣ ሰው ሲለካ ካልሆነ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ይበላል፣ እንዳንጠለጠለ ገበያ ይሄዳል፣ ባለቤቱ እንደምትለው ከሆነም አንዳንዴ እንዳንጠለጠለ ይተኛል። ሁለተኛ፣ ከማንም ጋር ይከራከር ከማን፣ ንግግሩን የሚዘጋው «ልክ ነኝ!» ብሎ ነው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ልኩን ሊያስለካ ወደ ሱቁ የገባ ሰው ልክ ልኩን ተነግሮት ነው የሚወጣው።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ነች። በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት አላት። ከመስኮቱ ሥር የመቁረጫው ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ላዩ ላይ ከባድ መቀስ፣ የተሸራረፈ ጠመኔና መርፌ የተሰካበት ትንሽ ትራስ አይጠፋም። በግድግዳው ላይ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስታወት አለ። በጥጉ በኩል ደግሞ ባለቤቱ አጭር ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ገበር ትሰፋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ከመካከል፣ ልክ የቤቱ ጌታ እንደሆነ ሁሉ፣ ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት ቆሟል።

አሻንጉሊቱ ጭንቅላትም እጅም የለውም፤ በአንድ የእንጨት እግር ላይ የተተከለ ደረት ነው። ትከሻና ትከሻው እኩል፣ ወገቡ ቀጭን፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልዞረበት። ጋሽ ልክ «አዳም» ይለዋል።

«ሳይበድል በፊት እንዲህ ነበር። ሰው ሲታሰብ እንዲህ ሆኖ ነው የታሰበው። የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው» እያለ ለደንበኛ ያሳያል።

ባለቤቱ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «እሱማ ጭንቅላት ስለሌለው ነው ያልበደለው» ትላለች።

ጋሽ ልክ እንዲህ ያለውን ቀልድ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈዋል። ደንበኛውን ከመስታወቱ ፊት አቁሞ ዙሪያውን ይዞረዋል።

«ይሄ ትከሻህ ምን ሆኖ ነው የወደቀው?»

«እንጃ ጋሼ፤ ከድሮም እንዲሁ ነው።»

«ስንፍና ነው! ቀጥ በል! እኔ ኮት የምሰፋው ለቀጥተኛ ሰው ነው። ኮቱ ቀድሞህ ይደርሳል፣ አንተ ተከትለህ ድረስበት።»

ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካና ይጽፋል። የሚጽፈው ግን ያገኘውን አይደለም፤ ማግኘት የነበረበትን ነው። ሆዱ የገፋውን ሰው ሆዱን ይቀንስለታል፣ የጎበጠውን ያቃናዋል፣ አንድ እጁ የረዘመበትን «እጅህን ሰብስብ» ብሎ ይገሥጸዋል። እውነቱን ለመናገር ስፌቱ እንከን አይወጣለትም ነበር። መርፌው የሄደበትን መንገድ ያየ ሰው በማሽን የታተመ ይመስለዋል። የሱን ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ ፎቶ ሲነሳ ያምራል፤ ቁጭ ብሎ ምሳ መብላት ግን አይሞክርም። ጫማው የተፈታበት ደግሞ የሚያስርለት ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

ጋሽ ልክ በራሱም ላይ እንደዚያው ነበር። በደንብ የማይችለውን ነገር ሰው ፊት አይሞክርም። ሰው ሲዘፍን ከንፈሩን ገጥሞ ያዳምጣል፤ ሰው ሲጨፍር ግድግዳ ተደግፎ ስፌት ይመረምራል። ባለቤቱ አንድ ቀን ታማ ተኝታ እንቁላል ጥበስልኝ ብትለው፣ ቢያርርብኝስ ብሎ ጎረቤት ልኮ አስጠበሰ። ገና ለገና እሳሳታለሁ ብሎ ያልጀመረው ነገር ከጀመረው ይበልጥ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ቄስ ወደ ሱቁ ገቡ። ቄሱ ሆዳቸው ከሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሳቃቸው ደግሞ ከሆዳቸው ቀድሞ የሚሰማ ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። መዘምራኑ የታወቁ ሰዎች ናቸው፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህርና ሌሎችም የሰፈሩ አባወራዎች።

«በትልቁ አዳራሽ ልንዘምር ነው። ከየሰፈሩ መዘምራን ይመጣሉ» አሉ ቄሱ። «እና ልጆቼን አልብስልኝ። አንድ ዓይነት ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር ሰማያዊ።»

ጋሽ ልክ ደስ አለው፤ ፊቱን ግን ቋጠረ። ደስ ሲለው ፊቱን መቋጠር ልማዱ ነበር።

«አለብሳቸዋለሁ አባ። ግን እስቲ አንድ ነገር ይንገሩኝ። አንድ ሰው እጁን መሰብሰብ አቅቶት አንዲት ፍሬ በላ። በሱ ጦስ እኔ ዕድሜ ልኬን የጎበጠ ጀርባ ስለካ እኖራለሁ። ይሄ ፍርድ ነው?»

«ጥንተ አብሶን ነው የምትለኝ?»

«እሱን ነው እንጂ። ከአዳም የወረስነው በደል ይላሉ በየእሑዱ። እኔ ውርሱን አልቀበልም። ሰው ከጨከነ ቀጥ ማለት ይችላል።»

ቄሱ በዓይናቸው መቀመጫ ፈለጉ፤ አጡና ጠረጴዛውን ተደገፉ።

«እሱ ባይበላ ኖሮ ግን» አሉ፣ «አንተ ምን ሠርተህ ትበላ ነበር? ራቁታቸውን አልነበሩም እንዴ? በበሉበት ቀን እኮ ነው መርፌ የተፈለገው። ልብስ ሰፊ ሆነህ አዳምን ስታማ ደንበኛህን ማማትህ ነው።»

ባለቤቱ ከጥጓ በሳቅ ስትፈነዳ እጇ ላይ የነበሩት ቁልፎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። ጋሽ ልክ ጎንበስ ብሎ ቁልፎቹን ይለቅም ጀመር። «ልክ ነኝ» አለ በመጨረሻ፤ ስለ ምኑ ልክ እንደሆነ ግን ራሱም አላወቀውም።

መዘምራኑ በማግሥቱ ሊለኩ መጡ። መጀመሪያ ከመስታወቱ ፊት የቆመው ዳቦ ጋጋሪው ነበር።

«ትንፋሽህን ሳብ!» አለ ጋሽ ልክ። «ሆድህን አስገባ። ያዝ! እንዳትለቀው!»

ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃ የወጣ ይመስል ቀላ። «ጋሼ፣ ስዘምር እኮ ደረቴ ይነፋል» አለ እንደምንም።

«እንዳይነፋ ያዘዋ! ድምፅ የሚወጣው ከጉሮሮ ነው፣ ከቁልፍ አይደለም።»

ሹፌሩ ደግሞ መሪ ሲይዝ በኖረበት ሁለቱም ትከሻዎቹ ወደፊት ዞረዋል። ጋሽ ልክ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ መለሳቸው፣ ቶሎ ብሎ ለካ፣ ሲለቃቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እሱ ግን ቁጥሩን ጽፏል፤ ልብ አላለውም። የቧንቧ ሠራተኛው ዝቅ ብሎ ከመሥራት ብዛት ወገቡ አልቃና ሲል፣ «አዳራሹ ውስጥ ቧንቧ የለም፣ ቀጥ በል» ተባለ። ሒሳብ መምህሩ ብቻ ነበር ሳይነገረው ቀጥ ብሎ የቆመው፤ እሱም ፈርቶ ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ ባለቤቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለትንፋሽ ትንሽ ጨርቅ ተውላቸው። ሰው ናቸው» አለችው።

«ትርፍ ጨርቅ የሰነፍ ሰፊ መደበቂያ ነው» አለ ጋሽ ልክ፣ መቀሱንም አነሳ።

የመዝሙሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ልክ ከፊት ወንበር ላይ፣ ባለቤቱን ከጎኑ አድርጎ ተቀመጠ። የራሱን ምርጥ ኮት ለብሷል። መጋረጃው ተገልጦ መዘምራኑ በሰልፍ ሲታዩ ሕዝቡ በአንድ አፍ «እህ!» አለ። እውነትም ያምሩ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሆድ አልነበረውም። ሹፌሩ ወታደር መስሏል። የጋሽ ልክ ዓይን እንባ አቀረረ። በዚያች ደቂቃ የሰው ልጅ በደል በመቀስ የተቆረጠለት መሰለው።

ከዚያ ቄሱ እጃቸውን አነሱ፤ መዘምራኑም ተነፈሱ።

መጀመሪያ የሄደችው የዳቦ ጋጋሪው መካከለኛ ቁልፍ ናት። እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውራ የቄሱን መነጽር ጠቅ አደረገችው። ቄሱ ከሰማይ ይሁን ከምድር ሳይገባቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። እጃቸው ሲነሳ ደግሞ ሹፌሩ ይበልጥ ጩህ የተባለ መስሎት ደረቱን ነፋ፤ ከጀርባው ስፌቱ «ጥርርር» ብሎ እስከ ወገቡ ወረደ። ድምፁ ከመዝሙሩ ጋር ስለገጠመ ከኋላ የተቀመጡት አዲስ መሣሪያ የገባ መሰላቸው። ሒሳብ መምህሩ ኮቱን ለማዳን ብሎ መተንፈሱን ትቶ አፉን ብቻ ይከፍት ይዘጋ ጀመር፤ ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጠቆረ፣ በመጨረሻ አጠገቡ ባለው ሰው ላይ ተደገፈ። የቧንቧ ሠራተኛው እጅ ለመንሳት ጎንበስ ሲል ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጀርባውን ለሕዝብ መስጠት ስላልቻለ ግድግዳውን ታክኮ በጎን በጎን ከመድረክ ወረደ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቄሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ።

«ኮታችሁን አውልቁ፣ ልጆቼ።»

ኮቶቹ ወለሉ ላይ ተቆለሉ። በሸሚዝ ሆነው፣ አንዱ ትከሻው ወድቆ፣ አንዱ ሆዱ ወጥቶ፣ እንደገና ተነፈሱ። የዘመሩት መዝሙር ያ በየእሑዱ የሚዘምሩት ነው፤ ያን ቀን ግን አዳራሹን ሞላው። የሳቀው ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ጋሽ ልክ ግን አላጨበጨበም። ወለሉ ላይ የተቆለሉትን ኮቶቹን እያየ ነበር።

«ተንፍሱ ያላቸው ማነው?» እያለ ነው ቤቱ የገባው።

በማግሥቱ ሱቁን ከፈተ እንጂ መቀስ አላነሳም። ሰው ሁሉ በመስኮቱ ሲያልፍ የሚስቅበት ይመስለዋል፤ ደግሞም ይስቁበት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ባለቤቱ ሥራዋን አስቀመጠች።

«ምን ይሻልሃል?»

«እነሱ ናቸው ያበላሹት። እኔ ልክ ነኝ። ሰው ቀጥ ማለት አይችልም ትይኛለሽ? እኔን እዪኝ! ይሄን ያህል ዘመን ኮት ስለብስ አንድ ቀን ተሸብሽቦብኝ ያውቃል? አንድ ቀን ወርዶብኝ ያውቃል?»

ባለቤቱ ከትከሻው እስከ እግሩ አየችው። 

«ምነው?»

«ኮትህን አውልቅ» አለችው።

አወለቀ። ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ምላጭ አንሥታ፣ የቀኙን ትከሻ ገበር ቀስ ብላ ፈታችው። ከውስጡ ተደራርቦ የተሰፋ ወፍራም ጥጥ አወጣች። ከዚያ የግራውን ፈታች። እዚያ ስስ ጥጥ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም።

ጋሽ ልክ ወፍራሙን ጥጥ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። «ይሄ ምንድነው?»

«ቀኝ ትከሻህ» አለች ባለቤቱ።

ክው አለ።

«ከተጋባን ጀምሮ ነው። አንተ ትቆርጣለህ፣ ገበር የምሰፋው እኔ አይደለሁ? ቀኝህ ወደቅ ያለ ነው። መቀስ ከመያዝ ይሁን እንዲሁ ተፈጥረህ እኔ አላውቅም። ሱሪህንም የግራውን እግር ትንሽ አሳጥርልሃለሁ።»

«የግራውን!»

«ትንሽ ነው።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀጥ ብለህ ስትሄድ ደስ ይልሃላ። አንተ ደስ ብሎህ ስትገባ ደግሞ እኔ እራቴን በሰላም እበላለሁ።»

ጋሽ ልክ ወደ መስታወቱ ዞረ። ሸሚዙን ለብሶ፣ ያለ ኮት፣ ራሱን አየ። በዚያ መስታወት ፊት ስንቱን ሰው አቁሞ ገሥጿል፤ ራሱን ግን ከኮቱ ጋር እንጂ ያለ ኮቱ አይቶ አያውቅም ነበር። ቀኝ ትከሻው የታከተው ሰው ይመስል ወርዷል። በግራ እጁ ወደ ላይ ገፋው። ሲለቀው ወረደ። እንደ ሹፌሩ።

ከዚያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷ ስትናገር እሱ መስኮት ያያል፤ እሱ ሲናገር ለአሻንጉሊቱ ነው። መታለሉ አንገብግቦታል። የበለጠ ያንገበገበው ግን ማታለሏ ያማረ ሥራ መሆኑ ነው። ገበሩን ገልብጦ ስፌቷን ሲመረምር፣ ትከሻውን አቃንታ ጥጡን የደበቀችበት መንገድ እሱ ሊሠራው ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ስፌት የሚሰፋው ሰውየውን ባለበት ያየ ሰው ብቻ ነው። ይህ ሲገባው በንዴቱ መካከል ሳቁ መጣ፤ ሳቁን ግን ዋጠው።

መሥራት ስላልቻለ ከሱቁ ደጃፍ ያለ አግዳሚ ላይ እየተቀመጠ አላፊ አግዳሚውን ማየት ጀመረ። በፊት የሚያየው ኮት ነበር። አሁን ሰው አየ። ፖስተኛው ቦርሳ በሚያንጠለጥልበት በኩል ወርዷል። ልጅ የምታዝለው ሴት ባታዝልም ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መስማት የሚችለው በአንድ ጆሮው ስለሆነ አንገቱ ወደዚያው ዘምሟል፤ ሰው ሲያነጋግረው ግን ያ ዘመም ያለው አንገቱ ከልቡ የሚሰማ ያስመስለዋል። ጋሽ ልክ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድም ቀጥ ያለ ሰው አላየም። ከምሳ በኋላ አንድ ቀጥ ያለ አለፈ፤ አንገቱ ላይ ጀሶ የታሰረለት በሽተኛ ነበር።

ቄሱ በዚያ ሲያልፉ አዩትና አጠገቡ ተቀመጡ። አግዳሚው ተንቋቋ።

«ሊስቁብኝ ነው የመጡት?»

«ስቄ ጨርሻለሁ» አሉ ቄሱ።

ጋሽ ልክ የትከሻውን ነገር ነገራቸው። ስለ ሱሪውም ነገራቸው። ቄሱ አልሳቁም፤ ለመሳቅ ግን ከንፈራቸው ሲታገል ይታይ ነበር።

«እና አሁን ምን ላድርግ አባ? ሰው ሁሉ ጠማማ ከሆነ፣ እኔም ከሆንኩ፣ ጠማማ ስፌት ልስፋ?»

«ማን እንደዚያ አለህ? እኔ በየእሑዱ ወድቀናል ስል፣ እንግዲያው ተኝተን እንቅር ማለቴ አይደለም። ስፌቱ ቀጥ ይበል፤ በስፌቱ አልደራደርህም። ሰውየውን ግን ከቆመበት ጀምርለት። ካልቆመበት ቦታ ብትለካው እንዴት ብሎ ይራመዳል?»

ጋሽ ልክ አሰበ። «እርስዎስ አባ? የእርስዎ ጉድለት ምንድነው?»

«የኔማ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ዜማ አልይዝም።»

«መዘምራን እየመሩ?»

«ለዚህ እኮ ነው የምመራቸው! ብዘምር ማን ያስጠጋኛል? እጄን ሳወናጭፍ ግን ማንም አያውቅብኝም። አንተም እንዳትናገር።»

ሁለቱም አግዳሚው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ጋሽ ልክ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከባለቤቱ ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ሌላስ?» አላት።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ጉድለቴ። አንዴ ከጀመርሽው አይቀር ንገሪኝ።»

ባለቤቱ መርፌዋን ሰካች። «ቁጭ በል» አለችው። «ሻይም ይፈላ። ረጅም ነው።»

የተቀደዱት ኮቶች ተሰብስበው መጡ፤ መዘምራኑም እየፈሩ መጡ። ዳቦ ጋጋሪው ከመስታወቱ ፊት ቆሞ፣ እንደለመደው ትንፋሹን ስቦ ያዘ።

«ልቀቀው» አለ ጋሽ ልክ።

«እ?»

«ትንፋሽህን ልቀቅ። ዘምር።»

«እዚህ?»

«እዚህ! የምትዘምርበት ልብስ አይደል የምሰፋልህ? እየዘመርክ ካልሆነ ምኑን ልለካ?»

ዳቦ ጋጋሪው እያፈረ ጀመረ፣ እየቆየ ረሳውና ድምፁን ለቀቀው። ጋሽ ልክ ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ አድርጎ ሜትሩ በጣቶቹ መካከል ሲንሸራተት፣ ሲሰፋና ሲጠብ፣ በመገረም አየ። ሹፌሩን ወንበር ላይ አስቀምጦ የድስት ክዳን አስጨበጠውና መሪ አስመስሎ ለካው። የቧንቧ ሠራተኛውን ከጠረጴዛው ሥር አስገባው። ሒሳብ መምህሩን «እስቲ አንድ ጊዜ ተቆጣ» ሲለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ያልተናገረውን ሁሉ ለጋሽ ልክ ተናገረው፤ ያኔ ነው ደረቱ የሚገባውን ያህል ሰፊ መሆኑ የታወቀው። መንገደኛው ሁሉ በመስኮቱ ተሰብስቦ ይህን ጉድ ያያል።

ኮቶቹ ተሠርተው ሲያልቁ በመስቀያ ላይ አያምሩም ነበር። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ፊት፣ የዳቦ ጋጋሪው ደግሞ እንደ ድንኳን። ሰዎቹ ሲለብሷቸው ግን ልብሱ የጠፋ ይመስል ሰውየው ብቻ ቀረ። ሒሳብ መምህሩ በእሑዱ መዝሙር ከዚያ በፊት ደርሶበት የማያውቀው ከፍታ ላይ ደረሰ። ራሱ ደንግጦ ወደ ኋላው ዞሮ የዘመረውን ሰው ፈለገ።

ጋሽ ልክ ግን በዚህም ልክ አጣ። እንደ አዲስ ተማሪ ጉድለት አሳዳጅ ሆነ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ እያነከሰ ገባ። ጋሽ ልክ ዓይኑ በራ። ሳይጠይቀው፣ በትልቅ ፍቅር፣ አንዱን እግር ከአንዱ አሳጥሮ፣ ዳሌውን አዝምሞ የሚያምር ሱሪ ሰፋለት። ሰውየው ሊወስድ ሲመጣ ሁለት እግሩ እኩል ነበር፤ ለካ ያን ቀን አዲስ ጫማ ጠቦት ኖሯል።

«ጉድለቱን ተቀበል ብትሉኝ ተቀበልኩ!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ልክ፣ ሰውየው ሲሄድ።

«የሌለበትን ጉድለት ማን ስጠው አለህ?» አለችው ባለቤቱ። «ጠይቀው እንጂ! አፍ አለው እኮ!»

ከዚያ ወዲህ መጠየቅ ለመደ። «ምን ትሠራለህ? በየትኛው እጅህ ነው የምትሸከመው? ስትስቅ ወዴት ነው የምትደገፈው?» ይላል። አንዱ እግሩ የተቆረጠ የቀድሞ ኳስ ተጫዋች ከሌላ ሰፈር ድረስ መጣ። ጀርባዋ የጎበጠ አስተዋይ መበለት፣ የሴት ልብስ ሰፍቶ የማያውቀውን ሰው፣ «አበላሽተህ ልመድብኝ፤ እኔም ተበላሽቼ ነው የለመድኩት» ብላ ካፖርት አዘዘችው። የመጀመሪያው ተበላሸ። ሁለተኛውን ለብሳ መንገድ ላይ ስትሄድ ግን ሰው ዞሮ ያያት ጀመር።

መልአክ አልሆነም፤ ዛሬም ከሰው ጋር ሲከራከር ፀሐይ ትጠልቅበታለች። ነገር ግን መዘምራኑን እያዘመረ ሲለካ ሲለካ፣ ሳያውቀው አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ። ዳቦ ጋጋሪው ሰማው። ቄሱ ከኋላ ረድፍ፣ ከሹፌሩ ጎን አቆሙት። ድምፁ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሹፌሩ በክርን ጎሸም ሲያደርገው ይመለሳል። እንዲህ እየተጎሸመ የኋላ ረድፍ ሰው ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪው ኮቱን ሊያስጠግን መጥቶ፣ ዳቦ የሚያከፋፍልበትን ብስክሌት ሱቁ በር ላይ አቁሞት ገባ። ከፊቱ ትልቅ ቅርጫት የታሰረበት ከባድ ብስክሌት ነው። ጋሽ ልክ ከሱቁ ወጣ ሲል ብስክሌቱም ባለቤቱም የሉም። ቀና ቢል፣ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው መሪውን ይዛ፣ መንገዱን ይዛ ስትበር አየ። ዞራ መጥታ ከፊቱ አቆመች።

«ይሄን የት ተማርሽው?»

«ልጅ ሆኜ። አባቴ ፖስተኛ ነበር፣ በሱ ብስክሌት።»

«እስከዛሬ ብስክሌት ትችዪ ነበር?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ጋሽ ልክ ብስክሌቱን ላይ ታች አየው። በዚያ ዕድሜው፣ ሰው በሚያይበት፣ ከቅርጫት ጋር። «አስተምሪኝ» አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቱን ተውሳ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወሰደችው። መጀመሪያ ወደቀ፤ ቀጥሎም ወደቀ፤ አንዴ ቅርጫቱ ውስጥ ራሱ ገባ። ዘበኛው አንገቱን አዝምሞ ከበሩ ላይ ያያል። ከብዙ መውደቅ በኋላ ባለቤቱ ከኋላ ኮርቻውን ይዛ ስትሮጥ፣ ስትሮጥ፣ ሳትነግረው ለቀቀችው። ጋሽ ልክ ሄደ። እየተወላገደ፣ ደወሉን ሳያስፈልግ እየደወለ፣ የሜዳውን ዙሪያ ያዘ። በአጠገቧ ሲያልፍ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቷል።

«እንዴት ነው የሚቆመው?» ብሎ ጮኸ።

«እሱን ገና አላስተማርኩህም!» አለች ባለቤቱ፣ በሳቅ ወገቧን ይዛ።

ጋሽ ልክም ሌላ ዙር ጀመረ።